ውሃ የሚለውን ቃል ያገደው ሰው

ሰውየውን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «መግለጫ» ነው የሚለው። በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኖ በተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት፣ የግቢው ዘበኛ የሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ተቆልፎበት እግሩን እያፋተገ መጣና «ጌታዬ፣ የት ልሂድ?» ብሎ ጠየቀው። እሱም ክራባቱን አስተካክሎ «ጉዳዩን አጣርተን መግለጫ እንሰጥበታለን» አለው። የዘበኛው ጉዳይ መግለጫ የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም። ከዚያች ቀን ወዲህ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ሆነ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቱ።

ሰነፍ ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሥራው የሚበልጥበት ነገር አልነበረም። በእሱ ብዕር ውሃ ጠፍቶ አያውቅም፤ «አቅርቦቱ ለጊዜው ይስተጓጎላል» እንጂ። ቧንቧም ፈንድቶ አያውቅም፤ «ያልተጠበቀ የመስመር ክስተት ያጋጥማል» እንጂ። ሁሉ ነገር ደግሞ «በመከናወን ላይ ይገኛል»። ውሃው ባይገኝም «ይገኛል» የምትለው ቃል ከመግለጫው ላይ ጠፍታ አታውቅም። ሚስቱን ለትዳር የጠየቃት በአምስት አንቀጽ ነው ይባላል። እሷ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «እሺ» ብላ ባታቋርጠው ኖሮ አሁንም እየጠየቃት በሆነ።

ቢሮው አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከአሮጌ ቆጣሪዎች መጋዘን ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንዷ መስኮት የጥገና መኪኖቹ የሚቆሙበትን ግቢ ታሳያለች። ኮሪደሩ ላይ መስተዋት ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ ቁልፉ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ማስታወቂያ እዚያ ሰሌዳ ላይ ለመውጣት ሰባት ፊርማ ያስፈልገዋል። ከሰባቱ ፈራሚዎች አንዱ ፈቃድ ላይ ከሆነ ማስታወቂያውም አብሮ ፈቃድ ይወጣል።

እንዲህ ተደላድሎ በሚኖርበት ዘመን ነው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣው። ወጣት፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ስብሰባ ሲወድ ለጉድ። አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ፣ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበና «ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራዊ ሚዲያን ማቀፍ አለብን» አለ። የመጋዘን ኃላፊዋ፣ ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀራት ሴትዮ፣ እጇን አወጣች።

«ማቀፉ ደግ ነው ጌታው» አለች። «ግን ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ማን ነው የሚያጠባው?»

ሳቁ ጋብ ሲል ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ወደ መግለጫ ቀሰረ። አጥቢው ታወቀ።

መግለጫ ፔጁን ከፈተ። የመጀመሪያው ፖስት ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀት ሲያድል የሚያሳይ አሥራ አራት ፎቶ ነበር፤ በሁሉም ላይ ያው ሰውዬ፣ ያው ፈገግታ፣ ተቀባዩ ብቻ ይለዋወጣል። ከሥሩ ስድስት አንቀጽ ጻፈበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ኮሜንት መጣ። ሁለት መቶ አሥሩ «ውሃስ?» የሚል ነው። ከቀሩት አራቱ ሦስቱ ስድብ ሲሆኑ፣ አንዱ ከሥራ አስኪያጁ እናት የተላከ ልብ ነበር።

መጀመሪያ ላይ በትዕግሥት መለሰ። ለእያንዳንዱ «ውሃስ?» «ስለሰጡን ገንቢ አስተያየት እናመሰግናለን» እያለ ሲለጥፍ ዋለ። ሕዝቡ የባሰውን ተናደደ። ቀጥሎ ማጥፋት ጀመረ፤ እንደ አረም እየነቀለ፣ አንዱን ሲነቅል አምስት እየበቀለበት። በመጨረሻ ፔጁ ውስጥ የታገዱ ቃላት የሚጻፉባት ሳጥን እንዳለች ደረሰበት። እዚያ የገባ ቃል ያለበት ኮሜንት ማንም ሳያየው ይደበቃል። አምላክ ይህችን ሳጥን የሠራት ለእሱ ብቻ መሰለው። ስድቦቹን አስገባ። ከዚያ «ጀሪካን»ን። ከዚያ «ባልዲ»ን፣ «ተኝታችኋል»ን፣ «ኧረ በሕግ»ን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኑ ፈዞ ትከሻው ዝሎ ሳለ፣ «ውሃ» የሚለውን ቃል አስገባ።

ፔጁ እንደ ተወለወለ ሳህን ጸዳ። ለሥራ አስኪያጁ «አሉታዊ አስተያየት በዘጠና ከመቶ ቀንሷል» ብሎ ሪፖርት አቀረበ፣ ተመሰገነም። ምን እንዳደረገ የገባው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሕዝቡ ቀድሞ ከገባው ወዲያ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ፔጅ ላይ ውሃ ብሎ መጻፍ ክልክል መሆኑ ሲሰማ ከተማው በሳቅ ሞተ። ሰዉ ዘዴ ፈጠረ። ግማሹ «እንትን» ይላል፣ ግማሹ «ያቺ እርጥቧ» ይላል። አንድ የኬሚስትሪ መምህር «ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ተያይዘው ከቤቴ ከወጡ ሳምንታቸው ነው፤ ያያችሁ ካላችሁ ለቤተሰብ አሳውቁ» ብሎ ጻፈ። ይህን ያነበበ ሁሉ ተቀባበለው።

ሳጥኑን ቢከፍተው የተደበቀው ሁሉ ሊወጣ ነው፤ ባይከፍተው መሳቂያ ሆኖ ሊቀር ነው። ሲያመነታ ሰነበተ። በመሃሉ የእህቱ ኮሜንት መጣ።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ለመጀመሪያው የሥራ ቀን ሱሪውን የሰፋችለት እሷ ናት። የምትኖረው በላይኛው ሰፈር ነው። ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። ሥራ አስኪያጁ የግቢውን አዲስ በር ሲመርቅ ከሚያሳየው ፎቶ ሥር፣ በገዛ ስሟና በገዛ ፎቶዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አንተ ልጅ፣ ላይኛው ሰፈር እንትን ከሄደች አሥራ አንድ ቀኗ። አሥር ዓመት እስኪሆንህ ገላህን ያጠብኩህ እኔ ነኝ። አሁን እኔ ራሴ የምታጠብበት አጣሁ። በር ትመርቃላችሁ እንዴ?»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ወደደው። ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ያሉት የሒሳብ ክፍል ሴቶች ጮክ ብለው ሲያነቡት ይሰማዋል፤ «ገላህን ያጠብኩህ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ይደግሙታል። ቢያጠፋው መልሳ እንደምትጽፍ ያውቃል፤ ያሳደገችው እሷ ናት፣ በእጇ ያደገውም እሱ ነው። ብሎክ የሚለውን ነካ። እህቱን አገዳት።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እህቱ በሁለት እጇ ሁለት ባዶ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ ገባችና ጠረጴዛው ላይ፣ የወረቀት ክምሩ አናት ላይ፣ አስቀመጠቻቸው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። መግለጫ ከጀሪካኖቹ በስተጀርባ ሆኖ በመሃላቸው ባለችው ክፍተት ነበር የሚያያት።

«ብሎክ አደረግኸኝ?» አለችው።

«እትዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። ማንኛውም ደንበኛ...»

«ደንበኛ?»

«ማለቴ...»

«እናታችን አንተን እኔ ጭን ላይ አስቀምጣ ስትሄድ፣ አሠራሩ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄአታለሁ?»

መግለጫ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። እህቱ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይልቅ ይህን እይ። እኔ እንኳ ስቄ ስጨርስ አፈርኩልህ።»

ስቲከር ነው። የእሱ ፊት፣ ስብሰባ ላይ አንገቱ ተሰብሮ አፉ ተከፍቶ እንደተኛ። ከሥሩ በትልቁ «በመከናወን ላይ ይገኛል» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«የእናንተው ሰዎች።»

«አንቺስ ከየት አገኘሽው?»

«ከግሩፑ ነዋ።»

«ከየትኛው ግሩፕ?»

እህቱ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘነችለት። «ከመሥሪያ ቤትህ ግሩፕ። የጥገና ክፍሉ ጉማሬ ነው ያስገባኝ። ቱታቸውን የምጠግንላቸው እኔ አይደለሁም? ቆይ፣ አንተ የለህበትም እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ግሩፑ ሦስት ዓመቱ ነበር። መቶ አርባ ሰው አለበት፦ ጠጋኞች፣ ሾፌሮች፣ የፓምፕ ሠራተኞች፣ ቆጣሪ አንባቢዎች፣ የመጋዘን ኃላፊዋ፣ ያ ዘበኛ ሳይቀር። ልብስ ሰፊዋ አለች። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ግን የለም።

እህቱን እንኳ ሳይሸኝ ወደ ግቢው ወረደ። የጥገና ቡድን መሪው ጉማሬ፣ ዕድሜውን ሙሉ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ የኖረ ግዙፍ ሰው ነው፤ ከመግለጫ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠሩት። የቧንቧ ክምር ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየገመጠ ነበር።

«ግሩፕ አላችሁ አሉ» አለው መግለጫ።

ጉማሬ ያላመጠውን ዋጠ። «አለን።»

«ለምን አላስገባችሁኝም?»

«ብናስገባህ ትጽፍበታለህ ብለን።»

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ጊዜ ቢሰማ ሦስት ቀን ያኮርፍ ነበር። ዛሬ ግን ቅስሙ ቀድሞ ስለተሰበረ ለኩርፊያ የሚሆን አልተረፈውም። «አስገባኝ በቃ። ዝም ብዬ አያለሁ» አለ።

ጉማሬ ብቻውን የሚወስነው ነገር አልነበረም። ግሩፑ ውስጥ ድምፅ ተሰጠ። መግለጫ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ያቺን አንድ ድምፅ የሰጠችው እህቱ መሆኗን በኋላ ነው የሰማው። የግሩፑ ስም «እርጥብ ሱሪ» ነው። እንደገባ ቃሉን አፈረሰና «የተከበራችሁ የእርጥብ ሱሪ አባላት፣ በቅድሚያ ስለተደረገልኝ አቀባበል...» ብሎ የሚጀምር ረጅም ሰላምታ ላከ። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ መለሰለት። አርባዎቹም የላኩት ያንኑ ስቲከር ነው።

ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋና የግሩፑን የኋላ ታሪክ ወደ ላይ እየሳበ ማንበብ ጀመረ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አልተነሣም። የትኛው ቧንቧ መቼ እንደተቀደደ፣ ማን እንደጠገነው፣ ፓምፑ ስንት ሰዓት እንደተነሣ ከነፎቶው፣ ከነቀልዱ አለ። እሱ ለቴክኒክ ክፍል ደብዳቤ ጽፎ በአራት ቀን የሚያገኘውን መልስ እነዚህ ሰዎች በአራት ደቂቃ ይነጋገሩታል። ቀልዱ ግማሹ በእሱ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ የአሥር ቀን ዕድሜ ያላት የጉማሬ መልእክት ጋ ደረሰ።

ፎቶው ላይ ዝገት የበላው ትልቅ ቫልቭ አለ። ከሥሩ፦ «የላይኛው ሰፈር ቫልቭ ሞቷል። መለዋወጫው መጋዘን አለ። መኪናው አለ። እኛ አለን። መንገድ ቆፍረን ጎረቤት ሰፈሮቹንም ለአንድ ቀን ስለምንዘጋ፣ በደንቡ ከሥራው አንድ ቀን በፊት ለሕዝብ ማስታወቂያ መውጣት አለበት። መግለጫን እየጠበቅን ነው።»

ከዚያ በታች በየቀኑ እንደ ስም ጥሪ የሚደጋገም ነገር አለ። «መግለጫ ወጣ?» «አልወጣም።» በማግስቱ፣ «ወጣ?» «ኧረ ምን።» በሦስተኛው ቀን የመጋዘን ኃላፊዋ «እኔ ጡረታ ስወጣ አብሮኝ ይወጣል» ብላለች።

መግለጫ ያን ማስታወቂያ ያውቀዋል። ርእሱ «በመስመር አራት-ለ ላይ ስለሚከናወን የማሻሻያ ሥራ» ይላል፤ የሰፈሩ ስም የትም የለበትም፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ረቂቁ ላይ የነበረውን «ላይኛው ሰፈር» አውጥቶ «መስመር አራት-ለ» ያስገባበት የበለጠ ክብደት እንዲኖረው ብሎ ነው። ሥራው ድሮ የተጀመረ፣ ማስታወቂያው ለወጉ ያህል የሚወጣ መስሎት ነበር። የሕግ ክፍሉ «ይቋረጣል» የሚለውን «ሊቆራረጥ ይችላል» ብሎ መለሰለት። እሱ ደግሞ «በመሆኑም» ይሻላል ወይስ «ስለሆነም» ሲል ሁለት ቀን አሰበ። ሦስተኛው ፈራሚ ፈቃድ ላይ ነው። ወረቀቱ የት እንዳለ ፈለገ። ከእህቱ ጀሪካን ሥር አገኘው።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ማንን ልወቅስ ብሎ ዙሪያውን ያያል። መግለጫም አየ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። የሦስተኛው ፈራሚ በር ተቆልፏል፤ እስከ ሰኞ አይመለስም። የሕግ ክፍሉ ሰውዬ «አንድ ቃል ከተነካ እንደገና ከመጀመሪያው ይፈረማል» አለው። ከኮሪደሩ መሃል ቆመ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እህቱ ከሦስት መንደር ወዲያ ጀሪካን ስትሸከም የነበረው በ«በመሆኑም» እና በ«ስለሆነም» መካከል ነው። ወደ ግቢው ተመልሶ ወረደ።

«ጉማሬ፣ ቫልቩ ያለበት ውሰደኝ።»

«ማስታወቂያው ወጣ?»

«እየወጣ ነው። ንዳ።»

በጥገና መኪናው ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዱ። ጉማሬ መንገዱ መሃል ቆሞ በእግሩ ወደ መሬት ሲያመለክት ፎቶ አነሳው። ከዚያ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ያዘ። ጠጋኞቹ ከትከሻው በላይ ሆነው ያነቡ ነበር።

«‹ይገኛል› አለበት። አውጣው» አለ አንዱ።

«‹ክስተት› ምንድን ነው? ቫልቩ ተበላሸ በል» አለ ሌላው።

ሦስት ጊዜ አርሞ የቀረው ይህ ነበር፦ «ላይኛው ሰፈር ውሃ የጠፋው ዋናው ቫልቭ ስለተበላሸ ነው። ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንቀይረዋለን። መንገዱ ይዘጋል፤ ታችኛው ሰፈርና የገበያው ዙሪያም ለዚያ ጊዜ ውሃ አይኖራቸውም፤ ዛሬ ያዙ። መለዋወጫውም ሠራተኛውም ከአሥር ቀን በፊት ተዘጋጅተው ነበር። የዘገየው ይህ ማስታወቂያ ነው፤ ያዘገየሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ጉማሬ አነበበውና ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጨረሻውን እንኳ ባትለው ይሻል ነበር። ይበሉሃል።»

«ይብሉኝ» አለ መግለጫ፣ ለጠፈውም። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። እጁ ሳይበርድ ሳጥኑን ከፍቶ «ውሃ» የሚለውን ቃል ፈታው። በዚያች ቅጽበት የተደበቁት ሁለት ሺህ አርባ ኮሜንቶች ፔጁ ላይ እንደተለቀቀ ግድብ ወረዱበት። እህቱንም ፈታት። የመጀመሪያ ቃሏ «እሰይ» ብቻ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሐሳቧን ለውጣ «ግን ጀሪካኖቼን መልስ» ብላ ጨመረች።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ተዘጋ። መግለጫ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠና ለእያንዳንዱ ሰው መመለስ ጀመረ። ግማሹ ሰው ይሰድበዋል። «አሁን ገና ነቃህ?» ለሚለው «አዎ፣ አሁን ገና ነው» ይላል። «የኔ ሰፈር መቼ ነው?» ለሚለው ከጉድጓዱ ውስጥ ላለው ጉማሬ ጮኾ ይጠይቅና የሰማውን ይጽፋል። አንዲት ሴት «እውነት ሰው ነህ ወይስ ማሽን?» ብላ ጠየቀችው። ጭቃ የነካውን ጫማውን ፎቶ አንስቶ ላከላት።

ስምንት ሰዓት ላይ ችግር መጣ። ቫልቩን ካሰሩት ብሎኖች አንዱ ዝጎ አልፈታ አለ። ሦስት ጎበዝ ተንጠለጠለበት፤ ንቅንቅ የለም። የድሮው መግለጫ ቢሆን ይህንን ደብቆ ጸሎት ያደርስ ነበር። የባልዲው መግለጫ ግን «ዘጠኝ ሰዓት ብያችሁ ነበር፤ አልደርስም። አንድ ብሎን አስቸግሮናል» ብሎ ጻፈ። አንዱ «የብሎኑን ፎቶ ላክ፤ ውሸታም» አለው። ላከው። ያ የዛገ ብሎን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት መቶ አርባ ላይክ አገኘ፤ ሥራ አስኪያጁ በአሥራ አራቱም ፎቶ ተደምሮ ያላገኘውን። ሕዝቡ ለብሎኑ ምክር ይሰጥ ጀመር፤ ዘይት አፍስሱበት፣ በመዶሻ ጫፉን ምቱት፣ አማታችሁን አምጡና ታውራው።

ከምክር ሰጪዎቹ አንዱ በአካል መጣ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ስልካቸውን በአንድ እጅ፣ ቁመታቸውን የሚያህል የብረት ቱቦ በሌላው ይዘው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው ከጉድጓዱ አፍ ቆሙ።

«የፎቶው ብሎን ይሄ ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ» አለ ጉማሬ።

«መፍቻህን ይህ ቱቦ ውስጥ ሰካና ጫፉን ይዘህ ሳብ። መጀመሪያ በእሳት ሞቅ አድርገው። እናንተ ጉልበት አላችሁ፤ እጀታችሁ ነው ያጠረው።»

አሞቁት፣ ሰኩት፣ ሳቡት። ብሎኑ እንደ በግ ጮኾ ተፈታ። ሽማግሌው ቱቧቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ መግለጫ ስማቸውን ሲጠይቃቸው «ውሃውን ልቀቁ እንጂ ስሜ ምን ያደርግላችኋል» አሉት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መስመሩ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ እህቱ ደወለች። «መጣ» አለች፣ ድምጿ ውስጥ ሳቅም ቁጣም አለ። «ግን ሻይ ነው የሚመስለው።» ሮጦ ቤቷ ሄደ። አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በመስኮቱ ብርሃን ፎቶ አነሳና ጻፈበት፦ «ላይኛው ሰፈር ውሃ ገብቷል፤ ቀለሙ ግን ይህ ነው። ቧንቧው ደርቆ ስለከረመ ዝገቱ እየታጠበ ነው። ጥርት እስኪል አትጠጡት፣ ለሕፃናትም አትስጡ። መጸዳጃ ቤት ድፉት።» ሥራ አስኪያጁ ይህን ፎቶ በስልኩ ያየው በመኪናው ውስጥ ሳለ ነው አሉ። ሾፌሩ እንደተናገረው፣ ሁለት የትራፊክ መብራት እስኪያልፉ ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም።

ጠዋት አስጠራው።

«ያ ብርጭቆ ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስልኩን ወደ እሱ አዙሮ።

«ውሃ ነው።»

«እርስዎ እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እንደዚህ ያለ ነገር በመሥሪያ ቤቱ ስም ይለጠፋል? ቢያንስ ንጹሕ ብርጭቆ አይፈለግም?»

«ብርጭቆው ንጹሕ ነው ጌታዬ። እህቴ ብርጭቆ ላይ ቀልድ አታውቅም። የቆሸሸው ውሃው ነው።»

«ፊርማስ? ማን ፈቀደልዎት?»

መግለጫ ለአለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል መለሰ። «ማንም።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ያ ደብዳቤ ሰባቱም ፊርማ በግማሽ ቀን ተሟልቶለት ወጣ፤ ፈቃድ ላይ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ከቤቱ መጥቶ ፈረመ። መግለጫ እጁን ዘርግቶ ሲቀበል የተሰማው ነገር ፍርሃት አልነበረም። ይሄ መሥሪያ ቤት ለካ ሲፈልግ መሮጥ ይችላል፣ ብሎ ተገረመ። ከዚያ በፊት፣ ቫልቩ በተቀየረ ዕለት ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ አይታው «ምነው ፊትህ ላይ ጭቃ አለ?» አለችው። እሱም «ሥራ ነበረኝ» አላት። ሌላ አልጨመረም። ሚስቱ የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የመሥሪያ ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ሚስት ላይኛው ሰፈር የሚኖሩ እናት አሏቸው፤ እናትየዋ የቡናማውን ብርጭቆ ማስታወቂያ አይተው ለልጅ ልጃቸው ወተት ሊበጠብጡበት የነበረውን ውሃ ደፍተውታል። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ መሥሪያ ቤቱን አመሰገኑ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሣና «እኔ ማቀፍ ስል ይህን ነበር» አለ። የመጋዘን ኃላፊዋ ከኋላ ወንበር «ልጁ ጥርስ ካወጣ በኋላማ ማንም ያቅፈዋል» ስትል ብዙ ሰው ሰምቷታል። ማስጠንቀቂያው ግን ከፋይሉ አልወጣም። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

መግለጫ ከዚያ ወዲያ መልአክ አልሆነም። አሁንም ሳያስበው አምስት አንቀጽ ይጽፋል፤ ከዚያ ለእርጥብ ሱሪ ይልክላቸውና ሁለት መስመር አድርገው ይመልሱለታል። አስቸኳይ ማስታወቂያ በእሱ በራሱ ፊርማ ብቻ እንዲወጣ ተፈቅዷል፤ ይህን ለማስፈቀድ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን መልስ ሰጪነቱን ለሠራተኛው ማካፈሉ ነው። ሰኞ ጉማሬ ይመልሳል፤ ጣቱ ወፍራም ስለሆነ አንድ ፊደል ሲነካ ሦስት ይወጣል፣ ሕዝቡ ግን ለምዶታል። ረቡዕ የፓምፕ ጣቢያው ሰዎች ናቸው። ማክሰኞ ደግሞ የአንዲት ቆጣሪ አንባቢ ቀን ነው፤ በየቤቱ ውሻ ሲያባርራት የኖረች፣ ምንም የማያስደነግጣት ሴት ናት።

በአንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ መግለጫ ከጎኗ ተቀምጦ ያያል። አንድ ሰውዬ «እናንተ አህዮች፣ ቤቴ ውሃ የለም» ብሎ ጻፈ። እሷ ትንሽ አሰበችና መለሰች፦ «አህያ ብንሆን ኖሮማ በጀርባችን ጭነን እናመጣልህ ነበር ወንድሜ። የቤት ቁጥርህን ላክ።»

መግለጫ አፉን ከፈተ። ይህ ነገር እንዴት እንደሚታይ፣ ማን ምን እንደሚል፣ ቢያንስ «ውድ ደንበኛችን» የምትል ቃል ከፊቱ ብትገባ ምን እንደሚመስል አሰበ። ቆጣሪ አንባቢዋ ቀና ብላ አየችው።

«ምን?» አለችው።

«ምንም» አለ።

ሰውየው የቤት ቁጥሩን ልኮ ነበር። እሷ ለጥገና ክፍሉ ስትደውል መግለጫ ኮቱን አነሣና ምሳ ወጣ።